የላይኛው ማሳ ዓሦች

ፔይዩን የተፈረደባት ሩዙ ሊያሽት ጥቂት ሲቀረው ነው። ፍርዱ እንደ ደንቡ ሸንጎ ከሚቀመጥበት ከከበሮው ማማ ሥር ተሰጠ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ በረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጦ ሰማ። ጥፋቷ «ውሃ ገድላለች» የሚል ነበር። በዚያ ሸለቆ ከዚህ የከፋ ክስ የለም። ሰው የገደለ እንኳ ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል፤ ውሃ የገደለ ማን ዘንድ ሽማግሌ ይላክ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጅረት መጀመሪያ የሚገባው ላይኛው ማሳ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያለ በእርከኑ ሁሉ አልፎ ወንዝ ይገባል። በየማሳው ከሩዙ ሥር ዓሣ ይረባል። የላይኛው ማሳ ባለቤት የውሃ ጠባቂ ይባላል፤ ዓሦቹ ከታመሙበት የውሃ መግቢያውን ሳንቃ ዘግቶ ባዶ የቀርከሃ ግንድ ይደበድባል፣ ከታች ያለውም ሁሉ ሰምቶ ይዘጋል። የእሱ ዓሦች ደህና ከሆኑ ውሃው ደህና ነው። ይህን አያቶቻቸው ምለው ያቆዩት ነገር ስለሆነ ውሃውን ቀምሶ የሚያይ ሰው አልነበረም። ጠባቂ ካለ ምን አደከመው?

ጠባቂው የፔይዩን ታላቅ ወንድም ሹካይ ነበር፤ ከእሱ በፊት ደግሞ አባታቸው። አባትየው እንደ አገሩ ልማድ በልጅ ልጁ ስም ጎንግ ዋንግ፣ ማለትም የዋንግ አያት ይባላል። ዋንግ የሹካይ ልጅ ነው። ፔይዩንም ልጅ አላት፤ ግን በሴት ልጅ ልጅ ማን ይጠራል! ሽማግሌው ማሳውን ሲያካፍል ላይኛውን ለወንዱ ሰጥቶ ሁለተኛውን ለሴቷ የመዳሪያዋ ማሳ አደረገላት። ሲሰጣትም ወንድምሽ ከበላይሽ አለልሽ፣ ምን ያሳስብሻል ብሏት ነበር። እሷም አላሳሰባትም።

በዚያ ክረምት መጀመሪያ ያለቁት ቀንድ አውጣዎቹ ናቸው። ቅርፊታቸው ሳስቶ በጣት ሲነኩት እንደ ራሰ ወረቀት ይበጠስ ጀመር። ቀጥሎ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ነጥቶ ቀረ፤ ማሳው ማታ ማታ ጭጭ አለ። በመጨረሻ ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አየር ይጎርሱ ጀመር፤ የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው በንፍጥ እየተለበጠ በጎናቸው ተንሳፈፉ። ውሃው ግን የዚያን ያህል ጠርቶ አያውቅም፤ የሩዙ ሥር ፍንትው ብሎ ይታያል። ኩልል ያለ ውሃ ላይ ክፋት የሚፈልግ ማን አለ?

ከፔይዩን ማሳ በታች ያለውም ሁሉ አለቀ። ሰው መጀመሪያ የጠረጠረው ከተራራው ጀርባ አምና የተከፈተውን የማዕድን ጉድጓድ ነበር። የጉድጓዱ አለቆች ግን የራሳችሁን ጠባቂ ጠይቁ ብለው መለሱ። የመንደሩ ሰው ወጥቶ ከሩቅ ሲያይ የሹካይ ዓሦች ሰብተው ይፈነጫሉ። እንግዲህ ላይኛው ደህና ከሆነ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ከሞተ፣ መርዙ የገባው ሁለተኛው ላይ ነው። ባሏ በባሕሩ ጠረፍ ባለ አንድ ጫማ ፋብሪካ ሊሠራ ከሄደ ቆይቷል፤ ብቻዋን ናት፤ አረም ቢያቅታት መድኃኒት ረጭታ ይሆናል ተባለ። ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ራሷ ስትረጭ አይቻለሁ የሚል ሰው ወለደ። ምንጭ ዳር አንዷ ጎረቤት «ፔይዩን፣ ዓሣሽን ዘንድሮ በቁሙ ነው እንዴ የምትቀቅይው?» ብላ አሳቀችባት።

ማማው ሥር የሽማግሌዎቹ አለቃ ዬንሻን ሹካይን ዓሦችህ እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁት። ደህና ናቸው አለ። የአንተና የእሷ ውሃ አንድ ነው ወይ አሉት። «አንድ ነው» አለ፣ እህቱን ሳያይ። ፔይዩን በእሷ አፍሮ መሰላት፤ እንዲያውም አዘነችለት። አባቷ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ዱላውን ያሻሽ ነበር። ሦስት መኸር ሳንቃዋ በሚስማር ተመትቶ እንዲዘጋ፣ አዝመራዋን የሚያግዛት፣ እሳት የሚያውሳትም እንዳይኖር ተፈረደ።

ሁሉንም ችላ ነበር፤ ያልቻለችው የዓሦቹን ዘር መጥፋት ነው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ከገዛ ዘሩ ዓሣ በእንጨት በርሜል ኮምጥጦ የቆየ ካልቀረበለት በወጉ ተሸኘ አይባልም። እያንዳንዱ ቤት ከአያት የወረሰው ዘር አለው። የእሷ ካለቀ ነገ ልጇ በምን ትቀብራታለች? ስለዚህ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወንድሟ ቤት ሄደችና ለዘር የሚሆን ሁለት ዓሣ ለመነችው።

«ውሰጂ እቴ፣ የባዕድ አደረግሽው እንዴ?» አለና አራት ሰጣት። ችኮላው ግን ልክ ያለፈ ነበር።

ከቤቷ ጀርባ ከሚያልፈው ጅረት ገንዳ ሙሉ ቀድታ ከተተቻቸው። ጠዋት ስትነሳ አራቱም ሆዳቸውን ሰጥተዋል፣ ስንጥባቸው በዚያው ንፍጥ ተለብጧል። ገንዳው አጠገብ ቁጭ አለች። እዚህ ማን መድኃኒት ረጨ? ማሳዋ በሚስማር ተዘግቷል፤ ጅረቱም ከወንድሟ ማሳ በላይ የሚመጣው ያው ጅረት ነው። ተነሥታ ሽቅብ ወጣች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ?

የጠባቂ ማሳ ግድብ ላይ ባዕድ አይቆምም፤ እሷ ግን እዚያው ያደገች ናት። ከማሳው አንድ እፍኝ ጠጣች፤ ጭቃ ጭቃ የሚል የልጅነቷ ውሃ ነው። ወደ ጅረቱ ዞራ ቀመሰች፤ የዛገ ሚስማር የላሰች ያህል ምላሷ ተኮማተረ፣ ጥርሷንም አጠረሳት። ሳንቃውን አየች። ተዘግቶ በጭቃ ተመርጓል፤ ጅረቱ ማሳውን በጎን አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ጥሻውን በእጇ ስትገልጥ ከዓለቱ ጀርባ ካለችው ምንጭ የሚመጣ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ተጋድሟል፤ የማዕድን ሰዎቹ የሚጠቀሙበት ዓይነት። ዋንግ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጉድጓዱን መኪና ይነዳ የለም? ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት። ወንድሟ ንጹሑን ውሃ ለራሱ ጠልፎ ኮምጣጣውን በእሷ ላይ ለቅቋል፤ ለቅቆም ማማው ሥር አንድ ነው ብሎ መስክሯል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ለሷ የተባለ መሰላት፤ ግድቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በቀጥታ ዬንሻን ዘንድ መሄድ ነበረባት። ግን ሴት ልጅ አባቷን ዘላ አቤት ልትል ማማ አትወጣም፤ በደንብ ያደገች ናትና ወደ አባቷ ሄደች። ሽማግሌው ምድጃው ዳር ነበር።

«አባዬ፣ የጋሼ ማሳ የጅረቱን ውሃ አይጠጣም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

መጀመሪያ ያልሰማት መስሏት ልትደግምለት ነበር። ከዚያ ገባት። «ሲፈርዱብኝ እኮ እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ነበር» አለች።

«ባንቺ የተፈረደው ሦስት መኸር ነው» አለ ሽማግሌው እሳቱን እየቆሰቆሰ። «በጠባቂ ላይ የሚፈረደው ግን ቤቱን አፍርሶ ከነልጁ ከአገር ማስወጣት ነው። እኔም በማን ዓሣ ልሸኝ? አመዛዘንኩት። አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

ነገ ማማ እንደምትወጣ ነግራው ወጣች። ስህተቷም ይህችው ነበረች።

በማግስቱ ዬንሻንንና ግማሹን መንደር አስከትላ ስትወጣ ቧንቧው የለም። አፈሩ ተደልድሎ ጥሻው ተመልሶ ተተክሏል፤ ሳንቃው ተከፍቶ ጅረቱ ዥው እያለ ማሳው ውስጥ ይገባል። ሹካይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቃቸው ነበር። ይቺ እህቴ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ትወዳለች ሲል ሰው ሳቀ። ወራት ከቤት ያልወጣው አባቷም በዱላ እየታገዘ ዳገቱን ወጥቶ ከልጁ አጠገብ ቆሟል። ለወንድሟ ማን እንደነገረው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ልትመለስ ዞር ስትል ዓይኗ ሳንቃው ላይ አረፈ። ውሃው እየገባ ነው።

«አባባ ዬንሻን፣ እስቲ እንቀመጥ» አለች።

ምን ልንጠብቅ አሏት። ምንም፣ እንቀመጥ ብቻ አለች። ዬንሻን አተኩረው አዩዋትና ግድቡ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ። ሹካይ ሥራ የላችሁም ወይ እያለ ሊቀልድ ሞከረ፣ የሳቀለት ግን የለም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል እያዛጋ ወደ ሳንቃው ራመድ አለ።

«የውሃ ጠባቂ በደህና ውሃ ላይ ሳንቃ የሚዘጋው ለምንድን ነው?» አሉ ዬንሻን። ሹካይ ባለበት ቆመ።

ከቀትር በኋላ የመጀመሪያው ዓሣ ወጥቶ አየር ጎረሰ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ማሳው በሙሉ አፍ ብቻ ሆነ። አሮጌዎቹ እናት ዓሦች፣ ፔይዩን በልጅነቷ የሩዝ አበባ ስትበትንላቸው የነበሩት፣ በጎናቸው መዞር ጀመሩ። ለሳንቃው ከሁሉ የምትቀርበው እሷ ነበረች። አባቷ ዝጊው ልጄ፣ ዘሩ እኮ ነው የሚያልቀው፣ የአያትሽ ዘር አላት። አሁን ከተዘጋ ግን ሙቀት ነው ያሳመማቸው ብለው እንደሚገላገሉ ታውቃለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች እንጂ አልተነሣችም።

የሚንቀሳቀስ ዓሣ ሲጠፋ ዬንሻን ጠባቂውን አልጠየቁትም፤ ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ወደ አባትየው ዞሩ።

«ጎንግ ዋንግ፣ አንተ ከልጅህ በፊት ጠባቂ ነበርክ። ይህን ታውቅ ነበር?»

ሽማግሌው በዱላው ላይ ተደግፎ ማሳውን ተመለከተ፤ ቀጥሎ የተሰበሰበውን ሰው ተመለከተ።

«እኔ ምንም አላውቅም» አለ። «ልጄ ብቻውን ነው የሠራው።»

ሹካይ «አባዬ?» አለ፣ ልክ እንደ ሕፃን። ሽማግሌው ዞር ብሎም አላየው። ፔይዩን ከተፈረደባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሟ አዘነችለት።