ከመዝገበ ቃላት የጠፋው ቀን

ተርጓሚዋ ቢሮዋ በር ላይ «የሰነድ ትርጉምና የቃላት ፍቺ» የሚል ሰሌዳ ከሰቀለች ወዲህ፣ ተኳርፈው የመጡ ባልና ሚስት «ፍቺ እዚህ ነው?» እያሉ ያንኳኩባት ነበር። «እኔ የምፈታው ቃል ነው፤ ትዳር የሚያፋታው ጠበቃ ፎቅ ላይ ነው» ብላ ትሸኛቸዋለች።

አንድ ቀን ያንኳኩት ግን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ከቦርሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ፣ የወየበ ቴሌግራም አወጡ።

«እናቴ ካረፈች ሦስት ወሯ ነው። ሣጥኗን ሳጸዳ አገኘሁት። ስለዚህ ወረቀት ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማ ኖሬ፣ በዓይኔ ሳየው ይኸው የመጀመሪያዬ» አሉ።

አባታቸው ወደብ ላይ መርከብ ይጠግኑ ነበር። አዋላጇ ገና ጡት የሚጠቡ ሕፃን ሳሉ፣ አባትየው ማክሰኞ ዕለት ለሚስታቸው ቴሌግራም ላኩ። መሣሪያው የላቲን ፊደል ብቻ ስለሚቀበል፣ እሳቸው በአፋቸው የነገሩትን የወደቡ ጸሐፊ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የሰፈሩ መምህር ደግሞ «ነገ እመጣለሁ ይላል» ብሎ ለእናትየው አነበበላቸው። እናት ረቡዕ ልጃቸውን አዝለው ከጠዋት እስከ ማታ ጣቢያ ተገትረው ዋሉ። የመጣ የለም። ሐሙስ ማለዳ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወንድማቸው ቤት ገቡ። አባትየው በዚያው ቀን ቀትር ላይ ሲደርሱ የጠበቃቸው የተቆለፈ በር ነው።

«ተከትሏት መጣ እኮ» አሉ አዋላጇ። «‹ያልኩት ከነገ ወዲያ ነው› ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት! ‹ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት አይዋሽም› ብላ አባረረችው። ቀጠሮ ማፍረስ ድሮም አመሉ ነበር አሉ። ሌላ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለደ፤ ሞተ። ልጅቷ ስትደውልልኝ አላነሳላትም፤ የውሸታም ልጅ ብዬ።» ፈገግ አሉ። «እኔስ የማን ልጅ ሆኜ ነው?»

ተርጓሚዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት «እመጣለሁ» ከማለት አያልፉም። ሦስተኛው «ኦቨርሞሮው» ይላል። «ነገ» ብላ ልትጽፍ ብዕሯን አነሳችና እጇ ቆመ። ‹ሞሮው› የድሮ ‹ነገ› መሆኑን ታውቃለች። ‹ኦቨር›ስ ምን ሊሠራ ገባ?

«እማማ፣ ነገ ይመለሱልኝ። ይቺ ቃል አላማረችኝም።»

ጠረጴዛዋ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ቃሉን አያውቀውም። ስልኳ ጭራሽ «ቱሞሮው ለማለት ነው?» ብሎ አረማት። ነገሩ እንደ እሾህ ወግቶ ያዛት። ምሳዋንም ሳትበላ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ከመጽሐፍ ተለይቶ ስለማያውቅ ሁሉም «ብል» የሚለው ሽማግሌ ሠራተኛ፣ ከምድር ቤቱ እንደ ጡብ የከበዱ ጥራዞች እያቃሰተ አወጣላት።

ቃሏን ፍለጋ ገብታ በሌሎች ቃላት ተጠመደች። ‹ገርል› ጥንት ወንዱንም ሴቱንም ልጅ ይጠሩበት ነበር። ‹ናይስ› ደግሞ በጥንቱ ፍቺው ሞኝ ማለት ኖሯል። ስንቱን ደንበኛ «ናይስ ነዎት» ብላ እንዳመሰገነች ትዝ ሲላት ብቻዋን ሳቀች።

«ምን አገኘሽ ልጄ?» አለ ብል።

«ስድቤን!»

አመሻሹ ላይ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ኦቨርሞሮው። ከጎኑ ትንሽ የመስቀል ምልክት አለበት።

«መስቀሉ ምንድን ነው?»

«ቃሉ ሞቷል ማለት ነው» አለ ብል። «ከሰው አፍ ጠፍቷል፤ የሚጠቀምበት የለም።»

ፍቺውን ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ከነገ ወዲያ።»

ለረጅም ጊዜ ከገጹ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሰው ይህን የመሰለ የሚጠቅም ቃል ምን ነክቶት ይጥላል? እንግሊዞቹ ዛሬ ያንኑ ቀን ለመጥራት አራት ቃል ይደረድራሉ። የወደቡስ ጸሐፊ ከየት አገኘው? አሮጌ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ነበር? ወይስ ቴሌግራም በቃል ቁጥር ስለሚከፈል ለምስኪኑ ሠራተኛ ሊቆጥብለት ብሎ?

በማግስቱ ለአዋላጇ ሁሉንም ነገረቻቸው። አዋላጇ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

«እንግዲያው ወረቀቱም አልዋሸም። እሱም አልዋሸም» አሉ። «ታዲያ በማን ልናደድ? በመምህሩ?»

«እኔም እኮ ትናንት ‹ነገ› ብዬ ልጽፍልዎ ትንሽ ነበር የቀረኝ» አለች ተርጓሚዋ። ይህን መናገር አሳፍሯታል።

«ተይው ልጄ። እናቴም ብትሆን ከቃሏ ንቅንቅ የምትል ሴት አልነበረችም። ኋላ ቃሉ ቢገባት እንኳ ይቅር ትለው እንደነበር እኔ አላውቅም።»

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። ስንቱን ሕፃን በተቀበለው እጃቸው የዚያችን ልጅ ቁጥር ፈልገው ደወሉ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ።

«እህትሽ ነኝ» አሉ አዋላጇ። «እንዳትዘጊው። ስለ አባታችን የምጠይቅሽ አለኝ። መልኩን እንኳ አላውቀውም እኮ። ረጅም ነበር? ሲስቅ ድምፁ ይሰማ ነበር?»

ተርጓሚዋ ወንበሯን ለቀቀችላቸውና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። አዋላጇ ከውስጥ «እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» ሲሉ ሰማቻቸው።