የጋሽ ሁለት መቶ ፈረሶች

ጋሽ ሁለት መቶን በዚህ ስም የማይጠራቸው ሰው ቢኖር ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በወጣትነታቸው ሲወዳደሩባት ከነበረችው ቀይ መኪና ነው። የፋብሪካው ወረቀት ሞተሯ ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው ይላል፤ እሳቸውም ሰላም ካሏቸው ሰው ሁሉ ጋር ወሬውን አዙረው አዙረው እዚያው ያደርሱታል። ስለ ዝናብ የተጀመረ ጨዋታ እንኳን ሁለት መቶው ላይ ነው የሚያልቀው።

ክፋቱ፣ ይኸው ጉራ የገዛ ድላቸውን በላባቸው። ትልቁን ውድድር ያሸነፉት የሚስታቸውን ወንድም፣ ጋሽ ቀብራራን፣ ቀድመው ነበር። የቀብራራ ሰማያዊ መኪና በወረቀት መቶ ሰማንያ ናት። ታዲያ አማችየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ “በሁለት መቶ ፈረስማ ማን የማያሸንፍ አለ? ሃያ ፈረስ ነው የቀደመኝ እንጂ እሱ አይደለም” ይላሉ። ጋሽ ሁለት መቶ ይንጨረጨራሉ፤ ግን ምን ይበሉ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቁጥሩን ቢክዱ ስማቸው ይሄዳል፣ ቢያጸኑት ድሉ የሞተሩ ነው። አማቻቸው አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ “አንተ ነህ የቀደምከኝ” ቢሏቸው ደስታውን አይችሉትም ነበር።

የጋሽ ሁለት መቶ መካኒክ ልጅ ጋራዧ ውስጥ ጉልበት መለኪያ ያስገባች ሰሞን ነገሩ ፈላ። መኪናው የሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ይቆማል፤ ነዳጅ ሲረገጥ የኋላ ጎማዎቹ ብረቶቹን ያዞራሉ፤ ስክሪኑ ደግሞ ጎማ ድረስ የደረሰውን ጉልበት ይናገራል። የሁለቱንም መኪኖች ሞተር ያደሰችው እሷው ስለሆነች፣ “አርጅቶ ነው” የሚል ሰበብ የለም።

“አምጣት እንጂ!” አሉ ቀብራራ፣ ሰማያዊዋን ነድተው መጥተው። “እስከ ዛሬ ወረቀት አወራ፤ አሁን ማሽን ያውራ።”

“ቀይዋ ትቅደም፣ እንደለመደችው!” አሉ ጋሽ ሁለት መቶ።

ልጅቱ መኪናዋን በቀበቶ ወጥራ አሰረችና ገብታ ነዳጅ ረገጠች። ቀይዋ አጓራች። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ መካኒኮቹ ጆሯቸውን ያዙ። ጩኸቱስ የአምስት መቶ ፈረስ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን መቶ ሃያ ስድስት ነው።

“ሌሎቹ የት ሄዱ? ግጦሽ ወጥተው ነው?” አለ አንዱ መካኒክ።

ጋራዡ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። ጋሽ ሁለት መቶ ኩምሽሽ አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

“አባዬ፣ አትዘን” አለች ልጃቸው። “ያንተ ፋብሪካ ሞተሩን የለካው ለብቻው አውጥቶ ነው። ጉልበት የሚበላ ማራገቢያ የለ፣ ዲናሞ የለ፣ የጭስ ማርሚታ የለ፣ ራቁቱን! የአጎቴ ፋብሪካ ግን ሁሉንም ገጥሞ ነው የለካው። መጀመሪያውኑ ሁለቱ ወረቀቶች አይወዳደሩም።”

ቀብራራ ትንተና የሚሰሙበት ጆሮ አልነበራቸውም። ሰማያዊዋን ብረቶቹ ላይ አስወጧት፣ አስረገጧት። መቶ አርባ አንድ!

“አላልኳችሁም!” እያሉ፣ ጉልበቴን አመመኝ ሲሉ የከረሙት ሰውዬ ጋራዡን እየዘለሉ ዞሩት። “በለጥኩት! በአሥራ አምስት ፈረስ በለጥኩት!”

ልጅቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ጠበቀቻቸው። “አጎቴ” አለች፣ “ታዲያ እንዴት ተቀደምክ?”

ቀብራራ ባሉበት ቆሙ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

“ማሽኑ ተሳስቷል!” አሉ። “እንኳን መቶ አርባ፣ የኔዋ መቶም የላት! ይልቅ የሱን ሞተር አውጪው። ማራገቢያውን፣ ዲናሞውን፣ ማርሚታውን አውልቂና ራቁቱን ለኪው። ሁለት መቶ ነው! አባቴ ይሙት ሁለት መቶ ነው!”

ጋሽ ሁለት መቶ ነገሩ ገባቸውና ነፍስ ዘሩ። “ምን ሁለት መቶ አመጣህ? ወረቀት ያወራው ነው! መቶ ሃያ ስድስት ናት። እንዲያውም የውድድሩ ቀን አንዱ ካንዴላ እሳት አልሰጥ ብሎኝ ነበር፣ መቶ አሥርም አትሞላ!”

“ሁለት መቶ!”

“መቶ አሥር!”

መካኒኮቹ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተዘረፈጡ። ዕድሜ ልካቸውን በፈረስ ብዛት ሲፎክሩ የኖሩ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ የሌላውን ሊያገዝፍ፣ ሌላው የራሱን ሊያኮስስ ይማማላሉ።

በመጨረሻ ቀብራራ ደከማቸው። አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

“ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ነው ያለፍከኝ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እኔ እዚያ ፍሬን ይዣለሁ። ማንም ጤነኛ ሰው ይይዛል። በአሥራ አምስት ፈረስ እያነስክ… እንዴት አድርገህ ነው ያለፍከኝ?”

ጋሽ ሁለት መቶ የዚህን ጥያቄ መልስ ስንት ዘመን ሲያዘጋጁት ኖረዋል። ፂማቸውን ሲላጩ፣ አውቶቡስ ሲጠብቁ ለራሳቸው ተርከውታል። አሁን ግን ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰው ሁሉ ስለ ሞተሩ ጠይቋቸው ያውቃል። ስለ እሳቸው የጠየቀ ግን ይህ የተቀደመው አማቻቸው የመጀመሪያው ነው።

ሌላ ጎማ አንከባለው አመጡና ከጎናቸው ተቀመጡ። እጆቻቸውን መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ዘረጉ።

“በመጀመሪያ” አሉ፣ “እኔም ፈርቼ ነበር።”