«ስኳር አልተጨመረበትም»

«ጣፋጭ ካልቀመሰች ስኳሩ ከየት መጣ?»

ነርስ ውቢት ጤና ጣቢያው ውስጥ ዘሀቢያን ጠየቀቻት። ልጇ ሩፊዳ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊኗን ትወጋለች፤ ሻይዋንም መራራውን ነው የምትጠጣው። ደሟ ሲለካ ግን ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል።

«የፋብሪካ ምግብ ካለ ጀርባውን አንብቢ» አለቻት ውቢት። «ሽሮፕም፣ ግሉኮስም፣ ማልቶዝም ስኳር ነው። ቀድሞ የተጻፈው በብዛት የገባው ነው። እንዲህ ከቀጠለች ልጅቷን ታጫታለሽ።»

ቤታቸው የፋብሪካ ምግብ የሚያስገባ ኸሊፋ ብቻ ነው፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ከክረምት ጀምሮ ከነካርቶኑ ሳሎኑ ውስጥ ተጎልቷል። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል ብስኩት ለመተማ ሱቆች ያከፋፍላል፤ ይህችን ጽሑፍ ይዞ ራሱን ሐኪም አድርጓል። «እንኪ የአጎትሽን መድኃኒት!» እያለ ሩፊዳን ያጎርሳታል። የብስኩቱ ማሸጊያ ፊት ላይ እንዲያ ስለሚል ዘሀቢያም ከጣፋጭ አልቆጠረችውም ነበር።

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው፤ መዝለል አታውቅም። የዚያን ቀን ብስኩቱን ገለበጠችው። ከዱቄቱ ቀጥሎ፣ ሰሊጥ በሚያክል ፊደል፣ የግሉኮስ ሽሮፕ ይላል። ዝቅ ብሎ ማልቶዝ።

ኸሊፋ ከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ፣ ፊደል ሳትጨርስ ሐኪም ሆነች! ስኳር የሚለው የቱ ጋ ነው? እስቲ አሳይኝ!»

«አንተስ የሱዳኑን ሳሙና ሰሊጥ ነው እያልክ ኬላ ታሳልፍ የለም? ፈታሽ ማታለል ለመድህና የልጄን ደም ኬላ አደረግኸው! ስሙን ቀይሮ የገባም ስኳር ነው።»

«ወንድሜ፣ ሚስትህን ዝም አታሰኛትም?»

ባሏ አብዱረሕማን ጺሙን አሻሸ። «ተይው በቃ፤ እንግዳ ነው።»

እንግዳ! ክረምቱን ሙሉ ሲበላ የከረመ እንግዳ። የባሏ ወገብ ለወንድሙ ለማጎንበስ እንጂ ለልጁ ለመቆም አልተሠራም።

«ልጅህ ትታመምብህ ወይስ ወንድምህ ይቀየምብህ?» አለችው።

አብዱረሕማን መሬት መሬት አየ። ዘሀቢያ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያወጣች ደጅ ላይ ከመረቻቸው።

ኸሊፋ «ተዋረድኩ!» እያለ ወደ ገለጉ ከተማ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆመ። አብዱረሕማን ጫማውን ፈለገ። «ወንድሜን ብቻውን አልሰደውም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሁለቱ ከነካርቶናቸው ሄዱ። ዘሀቢያና ሩፊዳ ቀሩ።