በቅጂው ላይ ያለችው ሴት

ሰብለወርቅ በኖርዌይ ደሴቶች እየዞረች፣ ሽማግሌዎች ግሱን ከዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚያስቀምጡ፣ ቃሉንስ በየትኛው ዜማ ከፍና ዝቅ እንደሚያደርጉ አምስት ዓመት ሙሉ ስትቀዳ ኖራለች። ዘመዶቿ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያሉ ሲያሾፉባት ትስቅ ነበር። ሳቋ የቀረው ዶክትሬቷን ሳትጨርስ የምርምሩ በጀት አለቀ ብለው ሲያሰናብቷት ነው። ከዚያ ዲቪ ደርሷት ዳላስ መጣች፤ አሁን ከዳላስ አጠገብ ባለችው የግሬፕቫይን ከተማ ውስጥ ባለ ሆቴል፣ ስብሰባ ሲኖር ውሃና ሻይ ታቀርባለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የስካንዲኔቪያ ቋንቋ አጥኚዎች ጉባኤ እዚያው ሆቴል ተከፈተ። መድረኩ ላይ የቆሙት የቀድሞ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ሃልቮር ነበሩ። አንድ የድምፅ ቅጂ ከፈቱ። አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅን ስለ ማዕበል ትጠይቃለች። ጠያቂዋ ራሷ ሰብለወርቅ ናት። የውሃውን ጆግ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ፕሮፌሰሩ «አንዲት ረዳት የቀዳችው» ብለው አለፉትና በእነዚህ ቅጂዎች ላይ ተመሥርቶ በቅርቡ ስለሚወጣው መጽሐፋቸው ማውራት ጀመሩ።

ስም ምን ይሠራል የሚል ሰው ስሙን ተነጥቆ አያውቅም። እዚያው አቅራቢያ ኧርቪንግ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ በቋንቋ መምህርነት ሊቀጥራት ፈልጎ፣ ስምሽ ያለበት የታተመ ሥራ አምጪ ብሏታል። እሷ ያላት የምርምር ማስታወሻ ደብተሯ ብቻ ነው።

አብራት የምትሠራው ጊፍቲ ነገሩን ስትሰማ አላመነታችም። «ሶ፣ ሄደሽ ኮንፍሮንት አድርጊው፤ ፊት ለፊት ጠይቂው። ማለቴ፣ ድምፅሽ እኮ ነው። ይሉኝታ እዚህ አገር አይሠራም» አለቻት።

በእረፍት ሰዓት ሄደች። ፕሮፌሰሩ ወዲያው አወቋት፤ አቀፏት፤ ሽርጧን እንዳላዩ ሆነው አለፉ። አፏን ሳትከፍት እሳቸው ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። የዚያው ቅጂ የመጨረሻ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ለማንም አልገባ ብለዋል። ሽማግሌው ሞተዋል፤ የደሴቷን አነጋገር አጥርቶ የሚያውቅም ጠፍቷል። ማዳመጫውን ዘረጉላት።

መቀበል አልነበረባትም። ግን ያ የሻከረ ድምፅ ጆሮዋ ሲገባ ደስታዋ አሸነፋት፤ የመጣችበትን ረሳች፣ ሞኝ። ቃል በቃል እየፈታች፣ ግሱ ለምን ቦታ እንደለቀቀ፣ ዜማው የት ላይ እንደሚሰበር ናፕኪን ላይ ጻፈችላቸው። ፕሮፌሰሩ ናፕኪኑን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ያን ጊዜ ጠየቀቻቸው። «ስሜ መጽሐፉ ላይ ይገባል?»

«አዝናለሁ፤ ለአታሚው አስረክቤያለሁ። አሁን ምንም መጨመር አይቻልም።»

«ታዲያ ይኼስ?» አለች ኪሳቸውን እያየች።

«ይኼ ትንሽ እርማት ናት። እርማት እንኳ ይቀበሉኛል።»

ሰብለወርቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ለዓመታት ያስቸገራቸው ቋጠሮ ዛሬ ጠዋት እንደተፈታላቸው ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። በሩ አጠገብ የቆመችው ሰብለወርቅም፣ ሰው እንዳይታዘባት ብላ፣ አብራ አጨበጨበች።