የኋላ ወንበር

ጋሽ ማርሽ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ እንደማያቃስት አይተው ነው። ሚስቱ አዋላጅ ናት። ከተራራው ማዶ ምጥ የያዛት ሴት አለች በተባለ ቁጥር እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ስንት ዓመት ተመላልሰዋል። ደመወዝተኛዋ እሷ ናት፣ ለእሱ የሚከፍለው የለም። ቢሆንም አንድም ቀን ራሱን ሥራ ፈት ብሎት አያውቅም። እኔ ባላደርሳት ማን ያዋልዳል ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራቶ ጣለውና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ እግሩ ግን ሞተሯ ስታዘነብል ደግፎ የማቆም አቅም አጣ። ሐኪሙም ሁለት ጎማ እርም በል አለው። እንደ ሞተር ሳይክል የሚፈናጠጡት ባለአራት ጎማ ሞተር ለመግዛት የተማከሩት ያኔ ነው። ለእሱ ነገሩ ተራ ግዢ አልነበረም። ይሄንንም መንዳት ካቃተው ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር ትሄዳለች፣ እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መመለሷን ይጠብቃል። ይህን ሲያስብ እህል አይወርድለትም ነበር።

ለምርጫ የቀረቡት ቢጫውና ግራጫው መንታ ይመስላሉ። ጉልበታቸው እኩል፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ግራጫው ረዘም ብሎ ወንበሩ የሁለት ሰው ነው፤ ቢጫው አጠር ያለ ሆኖ ከፈለጉ ከኋላ ወንበር ይገጠምለታል። ሻጩ ለስላሳ አንደበት ያለው ወጣት ነው፤ ልዩነት ስለሌላቸው በቀለም ይምረጡ አላቸው። ጋሽ ማርሽ በገነ። የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ነው እንዴ የመጣሁት!

እሱ እንደሆነ አጣርቶ ነው የመጣው። የቢጫውን ዓይነት የሚነዳ አንድ ወተት አመላላሽ አመስግኖ አይጠግብም፤ መሪው በአንድ ጣት ይዞራል፣ ሲታጠፍ ቅቤ ነው አለው። ወንዝ ሲያሻግሩት ግን ጎማውን የሚያዞረው የላስቲክ ቺንጋ ውኃ ይጠጣና ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ግራጫውን የያዘው የደን ጠባቂ ደግሞ ሲያማርር ነው የዋለው። መሪው ትከሻዬን ፈጀው፣ ለመዞር ሜዳ ሙሉ ይፈልጋል አለ። ተበላሽቶብህ ያውቃል ወይ ሲባል ግን ጥያቄው ራሱ ገረመውና "በምን ምክንያት?" ብሎ መልሶ ጠየቀ።

እንግዲህ የቀረው ሙከራ ነው። ከመደብሩ ጀርባ ድንጋያማ ዳገት አለ። ጋሽ ማርሽ በቢጫው ተነሳ። ጎኑን ለቁልቁለቱ ሰጥቶ ሲታጠፍ በአንድ በኩል ያሉት ጎማዎች ብድግ አሉ። ሞተር ሳይክል ሲነዳ የኖረ ሰው ያኔ ምን ያደርጋል? እግሩን ይዘረጋል። እሱም ዘረጋ። ባለአራት ጎማ ላይ እግር ካወረዱ ግን የገዛ የኋላ ጎማቸው ይረግጣቸዋል። ጎማው የጫማውን ተረከዝ ይዞ ጎተተው፤ ለጥቂት ፍሬን ይዞ ተረፈ። ነገሩን በቢጫው አሳበበና ግራጫው ላይ ወጣ። ያው እግር፣ ያው መዘርጋት። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ! አሁንስ ብትቆረጥም አላወርዳት ብሎ ለራሱ ምሎ እንደገና ሞከረ። እግሩ መሐላውን አልሰማም።

ወርዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።  ጥፋቱ የቢጫውም የግራጫውም እንዳልሆነ ገብቶታል። በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ።

አብራው የመጣችው አዋላጅ ሚስቱ ቦርሳዋን እጁ ላይ አኖረችና ግራጫው ላይ ወጣች። ሻጩ ነድተው ያውቃሉ ወይ ሲላት አላውቅም አለች። ነዳጁ በአውራ ጣት እንደሚሰጥ፣ ፍሬኑም የቱ እንደሆነ አሳያት። መጀመሪያ እንደ እንቁራሪት ዘለለችና ቆመች። ቀጥሎ ዳገቱን ተያያዘችው።

ጋሽ ማርሽ ቀና ብሎ አየ። እግሮቿ ማሳረፊያው ላይ የተቸነከሩ ይመስላሉ። ጎማው ከመነሳቱ በፊት ወገቧ ወደ ዳገቱ ተንሸራቷል። መታጠፊያው ሳይደርስ ትከሻዋ ቀድሞ ዞሯል። መንገዱ ቀጥ ሲልባት ደረቷን መሪው ላይ ጥላ ወጣች። ያን ከባድ ብረት በገላዋ ብቻ ታባብለው ነበር።

ጉድ እኮ ነው! ይህን ትከሻ አያውቀውም። በምን ይወቀው፣ ሁልጊዜ ከኋላው ነበረች። ያን ሁሉ ገደል ያለፈው በራሱ እጅ ብልሃት ይመስለው ነበር። ለካ በየመታጠፊያው ከኋላ ሆና ሞተሯን ስትደግፍለት ኖራለች። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግር ማውረድ አይለምድም፣ የሚነዳው በወገቡ ነው።  ሳያውቀው ትልቅ ሰው እንደመጣበት ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ቆመ።

ስትመለስ ሞተሩን ሳታጠፋ አጠገቡ ቆመች።

"የት ተማርሽው?" አላት።

"ከጀርባህ።"

መናገር ያለበትን ተናገረ፤ ቢጫውን ውሰጂ፣ መሪው ቀላል ነው፣ ብቻሽን አይከብድሽም፣ የኋላው ወንበር ባይገጠምም ይቀራል አላት።

"ከባዱን ነው የምፈልገው" አለች። "ወንዝ መሀል የማያስቀረኝን። ደግሞ ለብቻዬ መሄድ ማን አማረው? ና ውጣ።"

ወጣ። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው፤ ሻጩ ደግሞ ዓይኑን አፍጥጦ ያያል። ወገቧን ያዘ። ዳገቱን ሲጀምሩ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ከፊቱ ያለው የሚስቱ ጀርባ ብቻ ነው። ድንጋዩን የሚያውቀው ካናወጠው በኋላ ነው፣ መታጠፊያውን የሚያውቀው እሷ ስታዘነብል ነው። አንዴ በተቃራኒው አዘንብሎ በክርኗ ጎሸም አድርጋ መለሰችው። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ዝናብ ሲመታት፣ ጉም ሲወርድ፣ በስተቀኝ ገደል እያለ፣ ምንም ሳይታያት እሱን ብቻ አምና የኖረችው።

አናቱ ላይ አቆመች።

"አንቺ" አለ። "መንገዱ አይታይሽም ነበር እኮ። አትፈሪም ነበር?"

"እፈራ ነበር እንጂ" አለች፣ ወደፊት እያየች። "በየቀኑ።"

ጋሽ ማርሽ ወገቧን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ እሷም ነዳጅ ሰጠችና ቁልቁለቱን ጀመሩት።