ጧት አንካሳ፣ ከሰዓት ሯጭ

ጥሩሐረግ የተገረፈችው በአያቷ አሹፋለች ተብሎ ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። አያቷ እማሆይ ደጅይጥኑ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው ቆይቷል፤ ጧት ከመደብ ሲነሡ ግድግዳውን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን ሳያጥፉ እየጎተቱ ነው በር የሚደርሱት። አንድ ቀን ጧት ልጅቱም ከኋላቸው ግድግዳውን ይዛ፣ አንድ እግሯን ሳታጥፍ እየጎተተች ተከተለቻቸው። ጎረቤታቸው ጌታሁን ደጅ ቆሞ ነበርና አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። እማሆይ ዞር ብለው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«በእኔ መሆኑ ነው? አድጋለች እንግዲህ፤ በሽማግሌ መሳቅ ጀመረች» አሉ።

አባቷ ወንዳወቅ አርጩሜ አነሣ።

«አባ፣ እግሬ እንቢ ብሎኝ ነው! አልታጠፍ ብሎኝ ነው!» አለች በኽምጣና፣ የቤታቸው ቋንቋ ነውና።

«ትናንት ገመድ ሲዘል የዋለው የማን እግር ነው ታዲያ?»

እውነቱን ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ እኩዮቿን ሁሉ አስከትላ ስትዘል መንደሩ በሙሉ አይቷታል። ያን ቀንም ቢሆን አልቅሳ፣ ተኮራምታ፣ ረፋድ ላይ ተነሥታ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ከሰዓት ስትመለስ ደግሞ እየሮጠች ነው የገባችው። ወንዳወቅ እሷን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ዋሽታኛለች ብሎ ደመደመ።

እናቷ አልጣሽ ግን ልቧ አላረፈም። በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም ልጅቱ ጧት እንጨት ሆና ነው የምትነሣው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለች፤ አገራቸው ጋዝጊብላ ደግሞ በመኸር ጊዜ ብርዱ ቀላል አይደለም። ጋቢ ደረበችላት፣ ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ ያዘችላት። ትንሽ ፈታ ያደርጋታል። ግን በማግስቱ ያው ነው። አንድ ጧት ባሏን እጁን ይዛ አምጥታ የልጅቱን ጉልበት አስነካችው።

«ያኛውን ንካ። አሁን ደግሞ ይሄኛውን።»

የግራው ያበጠ ነው፤ ለብ ይላል።

«ወድቃ ይሆናል» አለ። «ወድቀሻል?»

«አልወደቅሁም።»

«ድንጋይ መትቶሽ?»

«አልመታኝም።»

አባትም፣ እናትም፣ አያትም፣ ጎረቤትም ይህንኑ ይጠይቋት ጀመር። ጥያቄው ሲበዛባት አንድ ቀን «አዎ፣ ወድቄ ነው» ብላ ተገላገለች። ቤቱ እፎይ አለ፤ ምክንያት ተገኘ። ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው ጉልበቷን በቅቤ አሽቶ እግሯን ይዞ ሲጎትት ጩኸቷ ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ከዚያ በኋላ እብጠቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ወንዳወቅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሲነሡ ጣቶቹን ጨብጣ እያነከሰች ነበር፣ ዳገቱን ሲወጡ እጁን ለቀቀች፣ ሜዳው ላይ ቀደመችው። እኩለ ቀን ላይ ሲደርሱ የጤና ባለሙያው «እስቲ ሂጂ» አላት፤ ሄደች። «ቁጢጥ በይ» አላት፤ አለች። «ዝለይ» ሲላት ፈገግ ብላ ዘለለች።

«ወድቃ ነው አሉኝ፣ አይደል? ይሻላታል። ልጅዎ ደህና ናት» አለና የሕመም ማስታገሻ ሰጣቸው።

ወንዳወቅ ደስ ይበለው ወይ ይናደድ አላወቀም። በሌላ ሳምንትም ወሰዳት፤ አሁንም በመንገዱ ተፍታታች፣ አሁንም ዘለለች። ሲመለሱ ከኋላዋ እየሄደ አረማመዷን ሲመለከት ቆየ። ምንም የለባትም። ይህቺ ልጅ ምን ልታገኝበት ነው የምትዋሸው?

አሳቡን ያስለወጠው በማግስቱ ጧት ያየው ነው። በረቱ ጋ ሆኖ አልጣሽ ልጅቱን አዝላ ወደ ጓሮ ስትወስዳት አየ። ቁጢጥ ማለት ስላቃታት እናቷ በብብቷ ደግፋ ይዛት ነበር። ጥሩሐረግ ፊቷን በእናቷ ቀሚስ ሸፍና «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለአባ እንዳትነግሪ» እያለች ታለቅሳለች። ወንዳወቅ ሳያዩት ወደ በረቱ ተመለሰ። ሰው ሊያታልል የሚፈልግ ሰው ሲያዩት ነው የሚያነክሰው፤ ይህቺ የምትደብቅ ናት። ምንም ነገር አልገባው አለ።

ሰቆጣ የወሰዳት በሚኒባስ ነው። መኪናው ሰው እስኪሞላ ጠበቀ፣ መንገድ ላይም ጎማ ቀየረ፤ ልጅቱ ያን ሁሉ ጊዜ መስኮቱ ጋ ተጣብቃ ቁጭ ብላ ነበር። መናኸሪያ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወረደ። እሷ ግን አልተነሣችም።

«ነይ እንጂ» አላት።

«አባ፣ አልዘረጋ አለኝ።»

ተሸክሞ አወረዳት። መሬት ላይ ሲያቆማት ጎበጥ ብላ፣ ክንዱን ይዛ፣ ልክ እንደ ሰማንያ ዓመት አሮጊት ቆመች። ፀሐይዋ ወደ ከሰዓት ዞራለች፤ በዚህ ሰዓት መሮጥ የነበረባት ልጅ ናት። ስትደክም እየዳነች፣ ስታርፍ የምትታመም ሰው አይቶ አያውቅም። መኪናው ጎዳት እንዴ እያለ፣ በእግር ባመጣኋት እያለ፣ ተሸክሟት ሆስፒታል ገባ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ቆዩ። ስሟ ሲጠራ ጥሩሐረግ የአግዳሚውን ጠርዝ ይዛ ተነሣችና ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ክፍሉ ገባች። ዶክተሯ ፊርደውስ ትባላለች፤ የሰቆጣ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ተመርቃ ከመጣች ብዙ አልቆየችም። ልጅቱ ከበሩ እስከ ወንበሩ ስትደርስ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትሄደው?»

«እንዲህ አትሄድም፣ ዶክተር» አለ ወንዳወቅ። «ማለቴ፣ ጧት ጧት እንዲህ ናት። ከሰዓት ትሮጣለች። ዛሬ ደግሞ ከሰዓትም ሆኖ እንዲህ ሆነች። እንጃ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል።»

«ዛሬ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ምንም። ተቀምጣ ነው የመጣች።»

«ጤና ጣቢያ ስትወስዷትስ በምን ነበር የምትሄዱት?»

«በእግር ነዋ።»

ዶክተር ፊርደውስ ወንበሯን ወደ ልጅቱ አስጠጋች። «ያምሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ጥሩሐረግ አባቷን አየች። በኽምጣና ጠየቃት፣ መለሰችለት።

«አያመኝም ትላለች።»

«ካላመማት ምን ይሰማታል? ልክ እንዳለችው ይንገሩኝ።»

እንደገና ጠየቃት። ልጅቱ ረዘም አድርጋ ነገረችው፤ ወንዳወቅ ቃሉን እንዴት እንደሚያዞረው ጥቂት ተቸገረ።

«እንደ ደረቀ ቁርበት ነው ትላለች። ካልታሸ አይተጣጠፍም። እየሄድኩ እየሄድኩ ይለሰልሳል ትላለች።»

ዶክተሯ የልጅቱን ሁለቱንም ጉልበቶች በእጇ ጀርባ ነካች፤ ቁርጭምጭሚቷንም እንዲሁ። የግራው ቁርጭምጭሚትም አብጧል፤ እቤት ማንም ልብ አላለውም። የግራ ጭኗ ከቀኙ ቀጥኗል።

«ወድቃ ነበር?»

«አዎ» አለ አባት።

«አልወደቅሁም» አለች ጥሩሐረግ በአማርኛ። «ጥያቄ ስለበዛብኝ ነው አዎ ያልኩት።»

ወንዳወቅ አንገቱን ደፋ። ዶክተሯ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እንኳን ነገርሽኝ።»

ራጅ ተነሣች፣ ደም ሰጠች። የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ መገጣጠሚያ ላይም ሊገባ ስለሚችል ያም ተመረመረ። ሰቆጣ ዘመድ ቤት አድረው በማግስቱ ውጤቱን ሲሰሙ ወንዳወቅ የባሰ ተምታታበት።

«ቲቢ አይደለም። ደሟም ጥሩ ነው» አለች ዶክተሯ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ናታ!»

«አይደለችም። ይህ በሽታ ደም ላይ ምንም ሳያሳይ ሊኖር ይችላል። እኔም ብቻዬን እርግጠኛ ነኝ አልልዎትም፤ ደሴ ያለውን አስተማሪዬን ደውዬ አማክሬዋለሁ። የምንጠረጥረው የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ መገጣጠሚያው ውስጡ ይቆጣል፣ ያብጣል።»

«ቁርጥማት ማለት ነው? እናቴ ያለባት?»

«ከእናትዎ የተለየ ነው። የእሳቸው ከዕድሜ ነው የሚመጣው። ሰውነታችን በሽታ የሚከላከልበት ኃይል አለው፤ እሷ ላይ ያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያዋን እየወጋ ነው።»

«የራሷ ሰውነት?»

«የራሷ።»

«ምን አድርጋው?»

«ምንም። እሷም አላጠፋችም፣ እናንተም አላጠፋችሁም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እሱን በደንብ የሚያውቅ ሰው የለም» አለች። ከዚያ የምታውቀውን ነገረችው፤ ልጅ ሳይወድቅ መገጣጠሚያው አብጦ ሳምንታት ከቆየ፣ ሲያርፍ ደርቆ ሲንቀሳቀስ ከተፈታ፣ ሕመም የለኝም ቢልም መታየት እንዳለበት። ቢዘገይ እግሩ እንደታጠፈ ሊቀር እንደሚችልም አልደበቀችውም። ደሴ ወዳለው ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

እቤት ሲመለሱ ይህን ሁሉ ለማስረዳት ሞከረ፤ እማሆይ ደጅይጥኑ ሰምተው ሰምተው እንባቸው መጣ። «እኔን የያዘኝ ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ ነው። እሷ ምን ኖረችና?» አሉ። ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው ጉልበቷን ዳበሱ። ወንዳወቅ ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ከብዶት ወደ ውጭ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ገባና «መታሁሽ፣ ልጄ። አላወቅሁም ነበር» አላት። ጥሩሐረግ «እሺ» አለችው።

ደሴ ላይ ሐኪሞቹ አስተኝተው ከጉልበቷ ፈሳሽ ቀዱ፣ መድኃኒትም ወጉላት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ኪኒንም ታዘዘላት። የመጡት ለጉልበት ሆኖ ሳለ ወደ ዓይን ክፍል ሲላኩ ወንዳወቅ ተሳስተዋል ብሎ ሊመለስ ነበር። የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያ ካየ በኋላ በቀኝ ዓይኗ ውስጥም ብግነት መጀመሩን ነገረው።

«አልቀላም እኮ! ያመኛል አላለችም!»

«የመገጣጠሚያ ብግነት ባለባቸው ልጆች ላይ በሽታው ዓይን ሳይቀላ፣ ሳያም ነው ብርሃን የሚወስደው። በጊዜ መጥታችኋል።»

ሳይታመም የታመመ ዓይን። ወንዳወቅ የዓይን ጠብታውን ተቀብሎ በኪሱ ከተተ፤ መጠየቅም ደከመው።

ከሳምንታት በኋላ ጥሩሐረግ ጧት ግድግዳ ሳትይዝ መነሣት ጀመረች። ሁሌም አይደለም። ኪኒኑን በምትወስድበት ቀን ያቅለሸልሻታል፤ አንዳንድ ጧትም ቁርጭምጭሚቷ ያስቸግራታል። አልጣሽ እንዲህ ባለ ቀን ትተኛ ትላለች፣ ወንዳወቅ ዶክተሯ እንደነገረችው ትንቀሳቀስ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ይጨቃጨቃሉ። ልጅቱ መሃል ገብታ «እኔ ልወስን» ትላቸዋለች።

ለቀጠሮ ወደ ሰቆጣ ሊወርዱ መኪና ሲጠብቁ ጌታሁን አገኛቸው። ልጅቱ እንደቆመች ጉልበቷን እያጠፈችና እየዘረጋች ነበር፤ ረጅም መቀመጥ ከመጀመሯ በፊት እንዲህ እንድታደርግ ታዝዛለች።

«ይቺ ልጅ ደህና አይደለች እንዴ? አሁንም ሐኪም ቤት?» አለ ጌታሁን። «ለመሆኑ በሽታዋ ምንድን ነው?»

ወንዳወቅ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቁርጥማት እንዳይል ቁርጥማት አይደለም። ድናለች እንዳይል አልዳነችም፤ ታማለች እንዳይል ፊቱ ቆማ እየሳቀች ናት። የገዛ ሰውነቷ ተሳስቶ ነው ቢለው ደግሞ ይስቅበታል።

«ጉልበቷንና ዓይኗን ነው» አለ በመጨረሻ።

«ጉልበትና ዓይን ምን አገናኛቸው?»

«እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቃቸው፣ ወንድሜ» አለ ወንዳወቅ። መኪናው ከመታጠፊያው ብቅ ሲል የልጁን እጅ ያዘ። «መስኮቱ ጋ አትቀመጪ» አላት፤ «መንገድ ላይ ሲቆም ወርደሽ ትንሽ እንድትራመጂ ከበሩ አጠገብ እንሁን።»