የኔታ አርጅተዋል

ቢቸና ውስጥ በደምለው ቤት ሁለት የኔታዎች ነበሩ። አንደኛው አባቱ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስቆጥሩ የኖሩ፣ የገዛ ልጃቸው ሳይቀር እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» የሚላቸው። ሁለተኛው በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል ደምለው የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሞጣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛው አስናቀው ነበር። «ቀስ ይላል፣ ሲጠይቁት አስቦ ነው የሚመልስ፣ ሲቆጣም ይጮኻል፤ የኔታ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ብሎ። ሁለቱ ጓደኛሞች በልጅነታቸው መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሞክረው አልሆነላቸውም። በተለይ ደምለውን አገሩ ሁሉ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያለ ሲተርበው ነው ያደገው፤ ስለዚህ ቀልዱ ጣማቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ኮምፒውተሩ ሲያወሩ በአንቱታ ሆነ። መቼም በአባትየው ፊት አይሉትም፤ ነውር ነው።

በ2006 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ ሁለቱም የኔታዎች አብረው ታመሙ።

መሪጌታን ሽንት ይከለክላቸው የነበረው ሕመም ባሰባቸው። አምና ሞጣ ያያቸው ሐኪም «በኦፕራሲዮን የሚድን ነው፤ ብቻ እንዳይዘገይ» ብሎ ነበር። እሳቸው ናቸው «ጾሙ ይግባ፣ ጾሙ ይውጣ» እያሉ ያቆዩት። አሁን ግን በስንት ልመና እሺ ብለዋል። የአምናው የሕክምና ካርድ ጊዜው ስላለፈ ሞጣ ሲደርሱ ካርዱ ይቀየራል፣ ከዚያ አልጋ ይያዛል ተብሎ ተቆርጧል።

በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ደግሞ አረንጓዴ መስመር እየተጋደመ ሙሽሮችን ከወገባቸው ይቆርጣቸው ጀመር። ደምለው ከፍቶ አቧራውን ቢያራግፍለትም አልተሻለውም። ጥር ከነሠርጉ እየመጣ ነው። ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ይቀየር ወይስ ይተው? ሌላውን ነገር ቶሎ የሚቆርጠው ደምለው በዚህ ሲወላውል ሰነበተ። ያ ኮምፒውተር የመጀመሪያ እንጀራው ነው። ሚስቱን ወይንእሸትንም መጀመሪያ ያያት በዚያው ስክሪን ላይ ነው፤ የሰው ሠርግ ሲያቀናብር ከሚዜዎቹ መሐል። እሷን ወደ ኋላ እየመለሰ ሲያይ ሲያይ ቪዲዮው ሳያልቅ ሙሽሮቹ ልጅ ወለዱ ተብሎ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። አሁን ራሷ ወይንእሸት የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች።

መሪጌታ ቀጥተኛ ንግግር የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ቅኔ ሰሙ ላይ ላዩን ነው፣ ወርቁ ከሥር። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ወርቅ ሲፈልጉ ኖረው «እንደምን አደሩ» ሲባሉ እንኳ ምን ማለቱ ይሆን ብለው ያስባሉ። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ፋንታ መጥቶ «የኔታ፣ በሬዬ ገመዱን በጥሶ ሄደብኝ» ቢላቸው፣ «አይዞህ፣ ትመለሳለች» አሉት። ሰውየው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ለካ ሚስቱ ተጣልታው ግንደወይን ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ኖሯል። ከዚያ በኋላ በቢቸና የመሪጌታን ጆሮ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። እሳቸውም አይጠራጠሩትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደምለው ይቁረጥልኝ ብሎ ለአስናቀው ደወለ። ሞባይሉ ውሃ ገብቶበት ስለነበር ላውድ ካላደረገው አይሰማም፤ ድምፁም የማን እንደሆነ አይለይም። አባቱ እንደ ልማዳቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፀሐይ ሊሞቁ የሄዱ መስሎታል። እሳቸው ግን ሕመሙ አላስቀምጥ ብሏቸው ተመልሰው ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ጋደም ብለዋል።

«እህሳ፣ የኔታ እንዴት ናቸው?» አለ አስናቀው።

«ብሶባቸዋል። ትናንት ጭራሽ ዝም ብለውብኝ በስንት መከራ ነው የተነሡ።»

«ትኩሳቱስ?»

«ምድጃ ናቸው።»

«እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፤ የኔታ አርጅተዋል። ካርድ ብትቀይርላቸውም አይችሉትም፣ አቅም የላቸውም። ይሄን ብታድን ነገ በሌላ በኩል ይደክማሉ።»

«ታዲያ ምን ላርግ ነው የምትል?»

«ምንም። እስከሄዱ ድረስ ይሂዱ። ገንዘብህን ለአዲሱ አስቀምጥ።»

«ልቤ እንቢ አለኝ እኮ። እንጀራ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው።»

«እንጀራ ስላበሉህ ለዘላለም ሊኖሩ ነው? ጨከን በል እንጂ!» ሁለቱም ሳቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እነሱ ግን አንድም ክፉ ቃል ከአፋቸው የወጣ አልመሰላቸውም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ መሪጌታ ምግቡን አልነኩም። ወይንእሸትን፣ ከዚያ የገፋውን ሆዷን ቀስ ብለው አዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ደምለው፣ ለአሮጌ ካርድ አይቀየርም። ለአዲሱ ይዋል።»

ደምለው ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደስ አለው። ሚስቱ የኮምፒውተሩን ነገር አጫውታቸው መሆን አለበት። ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰው ከባለሙያው እኩል መፍረዳቸው ገረመው። ለቀናት የከበደውም ነገር ከትከሻው ወረደ።

«እውነትዎን ነው፣ የኔታ» አለ። «እኔም እንደዚያው ጨክኛለሁ። ልቤ እንቢ ብሎኝ ነው እንጂ።»

«ልብህ እንቢ ማለቱ ይበቃኛል» አሉት። «አይክፋህ።»

እሱም አልከፋውም። ኋላ ስንት ጊዜ ያን ጠዋት መልሶ መላልሶ እንዳሰበው እግዚአብሔር ይወቅለት፤ ያን ዕለት ግን ተነሥቶ እያፏጨ ወደ ሥራው ሄደ።

የሞጣው ቀጠሮ ሲደርስ መሪጌታ «ከጥምቀት በኋላ» አሉ። ጥምቀት ሲያልፍ «ሠርጎችህን ጨርስ» አሉ። ደምለው ለመነ፣ ተቆጣ፣ መኪና ተኮናትሮ ደጃፍ ድረስ አስመጣ። «ተሽሎኛል» ብለው መለሱት። ቀጠሮ መግፋት ልማዳቸው ስለሆነ ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም። በሌሊት እንዳይሰሙባቸው ጋቢያቸውን ነክሰው እንደሚያድሩ የምታውቀው ሽሮ ልታደርስላቸው መጥታ አጠገባቸው የምታድረው እህታቸው እትዬ ወለተ ሐና ብቻ ነበረች፤ እሷንም አስምለዋታል። ኮምፒውተሩ ግን ከነመስመሩ እየተንገዳገደ የጥርን ሠርግ ሁሉ ጨረሰ።

በየካቲት ሰውነታቸው አብጦ ራሳቸውን ሳቱ። ያን ጊዜ እንቢ የሚል አንደበት አልነበራቸውምና ተሸክመው መኪና ላይ አወጧቸው። ደምለው ራሳቸውን ጭኑ ላይ አስደግፎ «ደርሰናል የኔታ፣ ደርሰናል» ይላቸው ነበር። መኪናው ደብረ ወርቅን ሳያልፍ አረፉ።

በሠልስቱ አስናቀው ከሞጣ መጣ። በድንኳኑ ውስጥ ከደምለው አጠገብ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ያን ስም ሁለተኛ በአፌ አላነሣውም» አለ። «‹የኔታ አርጅተዋል፣ ካርድ ብትቀይርላቸውም አይችሉትም› እያልሁ ስስቅ፣ እሳቸው እንዲህ ሊሆኑ...»

ከጎናቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠችው እትዬ ወለተ ሐና ቀና አለች።

«የሞጣው ሐኪም አንተ ነህ?»

«የለም እናቴ። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ቃል ከየት አገኘኸው? ሐኪሙ ለደምለው በስልክ ሲነግረው ወንድሜ በጆሮው ሰምቷል። ቃል በቃል ነግሮኛል፦ አርጅተዋል፣ ካርድ አይቀየርላቸው፣ ገንዘቡ ለአዲሱ ይቀመጥ። ‹ለሚወለደው ነው፣ ልክ ነው› አለኝ። ‹ልጄ ልቡ እንቢ ብሎት ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጨከንሁት፤ ማንም እንዳይወቅሰው› ብሎ አስማለኝ። እኔም ይኸው አፌን ይዤ ቀበርሁት።»

አስናቀው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ደምለው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ግድግዳው ትዝ አለው፣ ላውዱ ትዝ አለው፣ ሳቃቸው ትዝ አለው፤ «እኔም ጨክኛለሁ» ብሎ በአባቱ ፊት የተናገረው የገዛ ድምፁ ትዝ አለው። ስልሳ ዓመት ከሰም ሥር ወርቅ ሲያወጡ የኖሩት ሰው፣ ሰም ብቻ በነበረበት ቦታ ገብተው ሞታቸውን አውጥተዋል። የልጃቸውንም ፍርድ ተቀብለው፣ ሳይከሱት ሄደዋል።

ብድግ አለ። «ኮምፒውተሩን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ኮምፒውተሩን ነው ያልነው! የኔታን አይደለም! ኮምፒውተሩን ነው!»

ድንኳኑ ታወከ። ፋንታና ሌሎች ወንዶች ተነሥተው በብብቱ ያዙት። «ተዉት፣ ይውጣለት፣ አባት እኮ ነው» አለ አንዱ። «ሐዘን ያዞራል» አለ ሌላው። ወይንእሸት ሆዷን ደግፋ ከሴቶቹ መሐል ስትሮጥ መጣች፤ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ያንኑ ቃል ብቻ ይደጋግምላታል።

እትዬ ወለተ ሐና ተጠግታ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። የምትሰማው ነገር አልገባትም፤ ራሱን ከወቀሳ ሊያድን የሚታገል ነው የመሰላት።

«ዝም በል የኔ ልጅ፣ ዝም በል» አለችው። «ምንም አልተቀየመህም። ይቅር ብሎህ፣ መርቆህ ነው የሄደ።»